ጀልባዋ በጅቡ ለቅሶ ፊት ስታልፍ

ባለቤቴ ግንበኛ ነበር። ጉባ ላይ ግድቡ ሲሠራ ዓመታት ከሲሚንቶ ጋር ቆይቶ ወደ አሶሳ ሲመለስ፣ ሰው ሁሉ ሱቅ ይከፍታል ወይም ባጃጅ ይገዛል ብሎ ጠበቀው። እሱ ግን ከቤታችን ጀርባ፣ በማንጎዎቹ መሀል ቦይ መቆፈር ጀመረ።

«ለመስኖ ነው?» ይሉታል ጎረቤቶች።

«ለጀልባ ነው።»

ሳቁበት። እኔም ስቄበታለሁ። በግድቡ ሠራተኞች ካምፕ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ላይ አንድ ነገር አይቶ ነበር። በውጭ አገር ያለ የልጆች መጫወቻ ነው። ሰዎች በትንሽ ጀልባ ተቀምጠው በጠባብ ውኃ ላይ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ ግራና ቀኝ እስከ ጉልበት የሚደርሱ ቤቶች፣ ግንቦችና የተረት ሰዎች ይታያሉ። አንድም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም አለኝ። እንደ ሌላው መጫወቻ አይሽከረከርም፣ አይወረወርም።

«ዝም ብለሽ ተቀምጠሽ በተረት ውስጥ ታልፊያለሽ። እነሱ ግንብ ሠርተዋል፤ እኛ ደግሞ ጅብ አለን።»

ቦዩን በሲሚንቶ ለሰነው። ጀልባዋን ከተቆረጠ በርሜል አስበየዳትና ከሥሯ ባዶ ጀሪካኖች አሰረላት። ከጉድጓዳችን በሞተር የምንስበው ውኃ ቦዩን ሞላ። በቦዩ ዳር የሚቆሙትን የተረት እንስሳት ግን መጀመሪያ የሠራቸው ከኩይሳ አፈር ነበር፤ ሲሚንቶውን ለቦዩ ጨርሶታል። የአሶሳን ዝናብ እያወቀ ይህን ማድረጉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ክረምት ሲገባ አንበሳው ሟሟ። ጦጣዋ ጭንቅላቷን አጣች። የሰፈሩ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው «አንበሳው ድንች ሆነ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። እሱ ከእነሱ በላይ እየሳቀ ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቀና ሁሉንም በሽቦና በሲሚንቶ እንደ አዲስ ሠራቸው።

ቤቶቹን ከተሰነጠቀ ቀርከሃ አበጀላቸው። አጠገባችን የሚኖሩት የበርታ ሴት፣ ሰፈሩ ሁሉ ሀቦባ የሚላቸው፣ አያት ማለት ነው፣ የፍየሏን ቤት አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ የዶሮ ቤት ነው። ፍየል አይገባም።»

«ተረት እኮ ነው፣ ሀቦባ።»

«ተረትም ቢሆን ፍየል ቀንድ አለው።»

ባለቤቴ በሩን አፍርሶ አሰፋው።

የተከፈተ ዕለት ሀቦባ ሌላ ነገር አመጡ። ባለቤቴ ገመዱን በትከሻው ይዞ፣ በቦዩ ዳር እየተራመደ ጀልባዋን እየሳበ፣ የመጀመሪያውን ተረት ገና ሲጀምር ከአጥሩ ማዶ ተጣሩ።

«አንተ! ፀሐይ አይታይህም?»

«ምነው፣ ሀቦባ?»

«ቀን ተረት አይወራም። ቀን የሚያወራ ሰው መንገድ ይጠፋበታል። ወላሂ!»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ሳቄን ያዝኩ፤ እናቴ ከወሎ ሰፋሪ ሆና ስትመጣ ይህንኑ ክልከላ ይዛ ነበር የመጣችው። ልጆች ሆነን ቀን ላይ ተረት ስንጠይቃት «ከብቶቹ ይግቡና» ትለን ነበር። እንዲህ ርቀው ያደጉ ሁለት ሴቶች በአንድ ነገር ከተስማሙ ባለቤቴ ምን ይበል? ሕግ ወጣ። ቀን ጀልባዋ ዝም ብላ ትሄዳለች፤ ልጆቹ ያዩትን ራሳቸው ይገምታሉ። ተረቱን የፈለገ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይመጣል።

ያ የምሽት ጉዞ ነው ሰዉን የሰበሰበው። በየቤቶቹ ውስጥ ትንንሽ የሶላር መብራት ይበራል። ከገበያ የሚመለሱ እናቶች ዘንቢላቸውን እኔ ዘንድ አስቀምጠው ከልጆቻቸው ጋር ይሳፈራሉ። የእኔ ሥራ በመነሻው ላይ ነበር። እጃቸውን ይዤ አሳፍራቸዋለሁ፣ ሚዛኗ እንዳይዛባ ወፍራሙን ከቀጭኑ ጋር አቀማምጣለሁ፣ ሲመለሱ አወርዳቸዋለሁ። የባለቤቴ ድምፅ ወደ ማንጎዎቹ እየራቀ ይሄዳል፤ ከዚያ የሳቅ ጩኸት ይሰማል፤ ከዚያ ድምፁ በሌላኛው ዳር እየቀረበ ይመጣል። ተረቶቹን ከዳር እስከ ዳር ሰምቻቸው አላውቅም። አብሮ አንድ ቤት ለሚኖር ሰው ምን ያስቸኩላል? አንድ ቀን እሳፈራለሁ እያልኩ ቆየሁ።

ባለፈው ክረምት ሞተ። ሕመሙ ረጅም አልነበረም።

ከሐዘኑ በኋላ ጀልባዋን ቀን ቀን ብቻ ከፈትኳት። ገመዱን መሳብ አላቃተኝም። ያቃተኝ መጀመሪያው ላይ ያለው ትርዒት ነው። ፍየሏ ባሏ ሞቶባት ተቀምጣለች፤ ከቁራጭ ሸራ የተሠራች የመዳፍ ያህል ድንኳን አለች፤ ጅቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ ሊደርስ ይመጣል። ቀን ከሆነ አንገቴን አቀርቅሬ አልፈዋለሁ። ምሽት ግን እዚያ ቆሞ መናገር ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ምን እንደሚባል አላውቅም። ልጆቹ «ጅቡ ከዚያ ምን አደረገ?» ሲሉኝ «ማታ ይነገራል» እላለሁ፤ ማታ ደግሞ በሩን እዘጋለሁ። ሰው ቀስ በቀስ መምጣት ተወ።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከባምባሲ መጣና ቦዩን ዞሮ አየው። ክፉ ሰው አይደለም። እኔን እያየ ነው የተናገረው።

«እትዬ፣ ይህን እንድፈነው። አዳራሽ እንሥራበት፣ ለሰርግ ይከራያል። አንቺም በየቀኑ እሱን እያየሽ አትቀመጪ።»

«ተረቱን የሚያወራ ቢኖር ኖሮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«የለማ!»

የለም። እሺ አልኩት። አፈር የሚያመጣው መኪና በማግስቱ ጠዋት እንዲመጣ በፊቴ ደወለ።

ወሬው በአንድ ከሰዓት ሰፈሩን አዳረሰ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሀቦባ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩን ከፍተው ገቡ። ከኋላቸው ገበያ ላይ ጎመን የምትሸጠው ጎረቤቴ ከልጇ ጋር አለች። ልጅቷ ትንሽ ሆና በዚያች ጀልባ ስትሄድ አስታውሳለሁ፤ አሁን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት።

«ለመሰናበት ነው» አለች ጎረቤቴ። «ዝም ብለሽ ጎትቺን፣ ምንም አትናገሪ።»

ሀቦባ ግን ተቀምጠው ሳይጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። ሀቦባ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት።

«ጀንበር ገባ። አሁን ይወራል። አንተ፣ ጀምር!»

ለነገው መኪና ሲል የቆየው የባሌ ወንድምም ተሳፈረ። ወንድሙ በሕይወት ሳለ ሁልጊዜ እቸኩላለሁ እያለ ሳይሳፈርባት ቀርቷል። ገመዱን ትከሻዬ ላይ አደረግኩና ሳብኩ። ጅቡ ፊት ስንደርስ ቆምኩ።

«ፍየሏ ባሏ ሞተ» አልኩ። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። ውኃው ጀልባዋን በቀስታ ይመታል። ልጅቷ በዝግታ ጀመረች።

«ጅቡ ሊበላት ነው የመጣው። ግን ገብቶ ሲያለቅስ፣ ልቅሶው እውነት ሆኖበት መራቡን ረሳው። እንደዚያ ነበር የሚሉን።»

«ኧረ የት ሰምተሽ?» አለች እናቷ። «ማልቀሱንስ አለቀሰ። ግን ፍየሏ እሳት ዳር አስቀመጠችውና ጭራው ተቃጠለ! ሮጦ ይኸው እዚህ ቦይ ውስጥ ገባ። እኔ ራሴ ነኝ የሰማሁት፣ አንቺን ታቅፌ!»

«ውሸት» አሉ ሀቦባ። «ጭራ አልተቃጠለም። ፍየል ድንኳኑን አሸከመው። 'እድርተኛ ሁን፣ ለቀስተኛ ብዙ ነው፣ ድንኳን ተሸከም' አለው። ጅብ እስከ ዛሬ ድንኳን ይሸከማል። ቀብር ሁሉ አይቀርም።»

«ሀቦባ፣ ይሄን ከየት አመጡት?» አለች ጎረቤቴ።

«እሱ ነገረኝ! አንተ ሌላ ቀን መጣህ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ እናቷም ሳቀች። ከዚያ ሦስቱም ወደ እኔ ተመለከቱ፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ እኔ እንድፈርድላቸው። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በእያንዳንዱ ጉዞ ሌላ ነገር ይነግር ነበር። እዚያ ጭለማ ውስጥ በየምሽቱ ሲራመድ አንድም ቀን የትናንቱን አልደገመም። እኔ ስጠብቀው የነበረው፣ ጠፋብኝ ብዬ ያለቀስኩለት ተረት፣ መጀመሪያም አልነበረም። መነሻው ላይ ቆሜ የሰማሁት ሳቅ በየቀኑ የሌላ ነገር ሳቅ ነበር።

ተናደድኩበት። ምንም ሳይነግረኝ! ከዚያ ንዴቱ ራሱ ደስ አለኝ፤ ከሞተ ወዲህ እንደዚህ እንደ ሚስት ተናድጄበት አላውቅም።

«ሁላችሁም ተሳስታችኋል» አልኩ። «ጅቡ ሲገባ ፍየሏ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ስንት ሰው መጥቶ 'አይዞሽ' ብሏታል፤ ጆሮዋ ደክሟል። ጅቡ አይዞሽ አላላትም። አጠገቧ ተቀመጠና 'ባልሽ ምን ያስቅሽ ነበር?' አላት። እሷም ነገረችው። ሲሳሳቁ ነጋባቸውና ጅቡ በቀን ወደ ዱር መመለስ አፍሮ የጎረቤት ሰው ሆኖ ቀረ።»

ሀቦባ አሰቡ። «ጅብ ጎረቤት መጥፎ ነው» አሉ። «ግን ይሁን።»

የባሌ ወንድም ጉልበቱን ታቅፎ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። ፊቱን በደንብ አላየሁትም።

«ለመኪናው ደውልለት» አልኩት። «ነገ አይምጣ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ስልኩን ከኪሱ ሊያወጣ ሲነሳ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን አዘነበለች።

«ኧረ ተቀመጥ!» ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ጮኹበት። ተቀምጦ ደወለ። ሹፌሩ ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ እሱ ግን «እኔም እንጃ፣ እሷን ጠይቃት» ሲል ሰማሁት።

ቀጥሎ የአንበሳው ቤት ነበር። ከምን እንደምጀምረው አላውቅም ነበር። ገመዱን ሳብኩ።