የፋቂው ልጅ የክርስትና ስም

ዓርብ ጠዋት

እናቴ ከአልጋ ከዋለች ወር አልፏታል። ሳትሞት የእናቷን ተዝካር ማውጣት ትፈልጋለች፤ ቄሱ ግን ያለ ክርስትና ስም አይሆንም አሏት። አያቴ የሞተችው እናቴ ገና ዳዴ ስትል ነው። ሰው ሁሉ በአባቷ ቆዳ ፋቂነት «ፋቂት» ይላት ስለነበር ስሟን የሚያውቅ የለም። ስሟን ፍለጋ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ተነሣሁ።

የታሪክ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ስለ አንዲት የቆዳ ፋቂ ልጅ አስተምራለሁ። የኖርማንዲ ገዢ አስወልዷት ሳያገባት ቀረ፤ ለሌላ ሰው ዳራት። ልጇ አድጎ ከተማ ሲከብ፣ ጠላቶቹ ከቅጥሩ ላይ ቆዳ እየደበደቡ በእናቱ ሰደቡት። በኋላ እንግሊዝን ገዛ። የአያቴም ታሪክ ያው ነው። ለጉና ባላባት ወንድ ልጅ ወለደች፤ ባላባቱ ለአራሹ ዳራት፤ እናቴ ከአራሹ ተወለደች። ወንዱ በንጉሡ ዘመን የወረዳ ገዢ ሆነ። ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም፤ አፍራለሁ።

ቅዳሜ

ደብረ ታቦር አድሬ በማለዳ በመኪና ወደ ጉና ግርጌ፣ ከዚያ በእግር። በረዶ ገብሱን አስተኝቶታል። በቅሎ የሚነዱ ሽማግሌ የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቁኝ። የገዢው የእህት ልጅ ነኝ ስላቸው በበቅሎዋ አስቀመጡኝ፤ የተቀቀለ ድንችም ከስልቻቸው አወጡልኝ። የፋቂት የልጅ ልጅ ነኝ ብል ኖሮ እንጃ።

የአያቴ መንደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ቄስ የሙታን መዝገብ ገለጡልኝ። «የገዢው እናት፣ ወለተ ጊዮርጊስ» ይላል። ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም። ቄሱ ግን ደጀ ሰላሙ አጠገብ የሚኖሩትን የባላባቱን ልጅ፣ መነኩሲቷን እንድጠይቅ መከሩኝ።

«ወለተ ጊዮርጊስማ የኔ እናት ናት፤ ወይዘሮዋ» አሉ እማሆይ። «ወንድሜም እናቴ የሚለው እሷኑ ነበር።»

ገዢው የእናቴ መታሰቢያ እያለ በየዓመቱ በሬ ጥሎ የደገሰው ለእንጀራ እናቱ ነበር ማለት ነው። እሱን የወለደችውን የአያቴን ስም ያውቁ እንደሆነ እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው።

«ከእጇ ውኃ አንቀበል ነበር፤ ስሟን ብዬ ልጠይቅ ልጄ?» ብለው አለቀሱ። ያጠመቋት ቄስ ከሞቱ ቆይተዋል። መቃብሯንም የሚያሳየኝ አላገኘሁም።

እሑድ ማታ

እናቴ ገና ከበር ስገባ ጠየቀችኝ። ባዶ እጄን ነው የመጣሁት ለማለት አቃተኝ።

«ወለተ ማርያም ናት» አልኋት።

«ወለተ ማርያምስ እኔ ነኝ» አለች።

ሃምሳ ዓመት ከእጇ በልቻለሁ፤ የክርስትና ስሟን ግን አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።