ሲሰጥም የለም

የኔታ ገብረየሱስ ከዓይናቸው ብርሃን ግማሹን በቅኔ ምክንያት አጡት ቢባል ማን ያምናል? ግን ነገሩ እንደዚያ ነው።

የኔታ አርባ ዓመት ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ የመንዝ ሰው ናቸው። ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሶ፣ ብራና ላይ ቀዩን ቀለም ከጥቁሩ መለየት ካቃታቸው ዓመት አልፏል። በጥር መጨረሻ፣ «የዓይን ሐኪሞች በየካቲት አጋማሽ መሐል ሜዳ ሊመጡ ነው፤ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ሞራ ይገፍፋሉ፤ ለመመዝገብ የታደሰ መታወቂያ ያስፈልጋል» ተብሎ ተለፈፈ። የየኔታ መታወቂያ ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል።

ባለቤታቸው አዛለች የዘንጋቸውን ጫፍ ይዛ ወደ ወረዳው ከተማ ወሰደቻቸው። መስኮቱ ላይ ምንተስኖት የሚባል ወጣት ጸሐፊ ተቀምጧል። ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሲስተም የለም» አላቸው።

የኔታ የሰሙት ግን ሌላ ነው፤ «ሲሰጥም የለም።» መጀመሪያ ደነገጡ። ቀጥሎ ፊታቸው በራ።

«ሰማሽው?» አሉ ግቢውን ሲወጡ። «ይህ ልጅ ቅኔ ዐዋቂ ነው!»

«ምን አለና?»

«ሲሰጥም የለም! ሰሙ፣ መርከቡ ሲሰጥም ቀዛፊው የለም ነው። ወርቁ ደግሞ፣ ሹሙ በሚሰጥበት ሰዓት የለም ማለቱ ነው። አለቃውን በሁለት ቃል ልክ ልኩን ነገረው እኮ! ፊት ለፊት ቢናገርማ ከሥራው ይባረራል።»

«እኔ የሰማሁት መታወቂያ እንደማይሰጡን ነው» አለች አዛለች።

በሳምንቱ ተመለሱ። ያው መስኮት፣ ያው ምንተስኖት፣ ያው «ሲስተም የለም።» የኔታ ዘንጋቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ ማኅሌት የቆሙ ይመስል፣ «ይበል! ይበል!» አሉ። ልጁ ሽማግሌው የመረቁት መስሎት «አሜን» አለ። እሳቸውም ሳያጉረመርሙ አገራቸው ገቡ። ይባስ ብለው ቃሉን ለደቀ መዛሙርታቸው ነገሩ። እነዚያም «ይበል!» አሉ። አንድ ጉባኤ ቤት ሙሉ ሰው በመምህሩ መከልከል አጨበጨበ።

ሦስተኛው ጉዞ ሐኪሞቹ የሚጨርሱበት ሐሙስ ላይ ዋለ። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወንድምአገኝ የሚባለው ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል።

«ኋላ ያላችሁ፣ በሲስተም ጠጋ ጠጋ በሉ! አንተ ወፍራሙ፣ ትራፊክ ሳያይህ በሲስተም ጎንበስ በል!»

የየኔታ ጆሮ ቆመ። «ልጄ፣ በምን ጎንበስ ይበል አልከው?»

«በሲስተም፣ የኔታ። በዘዴ፣ ሹልክ ብሎ፣ ማንም ሳያይ።»

«የምን ቃል ነው?»

«እንግሊዝኛ ነው። ከኮምፒውተር ጋር የመጣ። ቢሮ ሲሄዱ ‹ሲስተም የለም› ብለው አልመለሱዎትም? ያ ነው።»

«እዚያስ ትርጉሙ ምንድን ነው?»

«ያው… አሠራር፣ ሥርዓት እንደ ማለት።»

«ሲሰጥም» ብለው የሰሙት ለካ «ሲስተም» ኖሯል። የኔታ ያፈሩት በጸሐፊው ልጅ ሳይሆን በራሳቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቃል ሲፈለቅቁ የኖሩ ሰው፣ ባዶ ገለባ ይዘው ወርቅ ሲፈልጉ ከረሙ! ጎማና ፍሬንም ከባሕር ማዶ የመጡ ቃላት ናቸው፤ ማንንም አልበደሉም። ጎማ ዛሬም ጎማ ነው፣ ፍሬንም ፍሬን። ይህኛው ግን እኛ ዘንድ ሲደርስ ለሁለት ተከፈለ። ሰው ላለው «በሲስተም» ሆኖ በር ይከፍታል። ሰው ለሌለው «ሲስተም የለም» ሆኖ በር ይዘጋል። ቃሉን በር ላይ ያቆምነው እኛው ነን፤ እንግሊዝ መጥቶ አላቆመልንም።

ጽሕፈት ቤቱ ደረሱ። ሰልፉ ረጅም ነው። ተራቸው እስኪደርስ አዛለች ጆሯቸው ሥር፣ «አንድ ኮት የለበሰ በጓሮ በር ገብቶ አዲስ መታወቂያ እያራገበ ወጣ» አለቻቸው። የኔታ መስኮቱ ሥር ቆሙ።

«ሲስተም የለም፣ የኔታ።»

«ልጄ፣ የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ማነው?»

«ምን አሉኝ?»

«‹የለም› ብለሃል። ያለ ባለቤት አይቆምም። የሌለው ማነው?»

«ሲስተሙ ነዋ!»

«ሲስተም በአማርኛ ምንድን ነው?»

«ሥርዓት… እንደዚያ ነገር።»

«እንግዲያስ በአማርኛ ድገምልኝ።»

ምንተስኖት አፉን ከፈተ። «ሥርዓት… የለም» አለ፣ ድምፁ እየቀጠነ። ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ።

«ዛሬ ገና እውነቱን ተናገርክ!» አለች አዛለች።

«ኮት የለበሰውስ?» አሉ የኔታ።

«እሱማ በሲስተም ነው!» አለ ከኋላ አንዱ። ሰው እንደገና ሳቀ። የኔታ ግን አልሳቁም።

«የኔታ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ ምንተስኖት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የኮምፒውተሩ መስመር ቅድም ለአንድ አፍታ መጣ። መጀመሪያ የሰውየውን ሥራ ተባልኩ። ከዚያ ጠፋ።»

«አሁን ባለቤት ያለው ነገር ተናገርክ። ሐኪሞቹ ዛሬ ያበቃሉ፣ ልጄ። እኔ ዓይኔን ነው የምጠይቅህ። ወረቀትና ማኅተምም በመስመር ነው የሚመጡት?»

ምንተስኖት መሳቢያውን ሳበ፣ ወረቀት አወጣ፣ «መታወቂያቸው በእድሳት ላይ ስለሆነ እንዲስተናገዱ» ብሎ በእጁ ጻፈ፤ ማኅተሙንም መታበት። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሩብ ሰዓት! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብዕሩም ማኅተሙም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ስንት ሰው ከዚያ መሳቢያ ፊት እጁን አጣጥፎ ተመልሷል?

መሐል ሜዳ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። አርሴማ የምትባል ነርስ ደብዳቤውን አንብባ መዘገበቻቸው።

«ማክሰኞ ቢመጡልን ኖሮ አንዱን ዓይንዎን በዕለቱ፣ ሌላውን ዛሬ እንሠራልዎት ነበር፣ የኔታ። አሁን የምንደርሰው ለአንዱ ብቻ ነው።»

«ሌላውስ?»

«በሚቀጥለው ዙር። ያኔ ግን ደብዳቤ አይበቃም፤ መታወቂያውን ይዘው ይምጡ።»

ዓርብ ጠዋት የተሠራው የቀኝ ዓይናቸው ፋሻ ተፈታ። መጀመሪያ ያዩት አዛለችን ነበር። «አርጅተሻል» አሏት። «እርስዎ እስኪያዩኝ ነው የጠበቅኩት» አለቻቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደቀ መዛሙርታቸውን ሰበሰቡ።

«‹ሲሰጥም የለም› ቅኔ አይደለም። ቅኔ ነው ያልኳችሁ እኔ ነኝ፤ ይበል ያልኩትም እኔ ነኝ። ልጁ መታወቂያውን ሲከለክለኝ እኔ ምስጢር እሠራለት ነበር። የስሕተቱ ባለቤት እኔ ነኝ።»

ከተማሪዎቹ አንዱ፣ «ከጻፍነው ላይ እንሰርዘው፣ የኔታ?» ብሎ ጠየቀ። የኔታ ዘንጋቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

«ሰኞ መታወቂያውን ላመጣ ነው» አሏት አዛለችን። «አንቺ አትድከሚ፤ አሁን መንገዱ ይታየኛል። የልጁንም ፊት እያየሁ ነው የምጠይቀው።»

«ደግሞ ሲስተም የለም ቢልዎትስ?»

የኔታ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ።

«ቆሎውን አብዝተሽ ቋጥሪልኝ።»