ሩፒያው እና የአያቴ አንድ ብር

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት፣ በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ሰሞን፣ አባቴን ወደ ዓይን ሐኪም ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ ተናግራ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለች?» አለኝ። መተርጎም አያስፈልገውም ነበር። ስዊድንኛን እኔ ከመወለዴ በፊት ነው የተማረው። ሆኖም ቃሉን ከሰው አፍ ሳይሆን ከልጁ አፍ መስማት የፈለገ መሰለኝና በአማርኛ ደገምኩለት። ግላኮማው ቀኝ ዓይኑን ጨርሶታል። በግራው የቀረችው መሐል ላይ ያለች ጠባብ ቀዳዳ ናት። ጠብታው የጠፋውን አይመልስም። የቀረችውም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስለመቆየቷ ሐኪሟ እርግጠኛ አይደለችም።

ወደ ሰፈራችን ወደ ሪንከቢ በሚወስደን ቱነልባና፣ በስቶክሆልም የምድር ውስጥ ባቡር፣ ብዙ ጣቢያ አለፍን። ከዚያ «አንድ ነገር ማየት እፈልጋለሁ» አለ።

«ምን አባዬ?»

«የአባቴን የእጅ ጽሑፍ።»

ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ወላጆቼን ደስ ለማሰኘት የማልሠራው ነገር አልነበረም፤ ፈተና አልፌ፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ገብቼ፣ ዕቃ አጥቤ። ይህን ግን ከየት አመጣለሁ?

አባቴ ስቶክሆልም መጀመሪያ የመጣው በወጣትነቱ፣ ለትምህርት ነው። ከአገሩ ሲነሳ አያቴ አንድ ብር ሰጠው፤ ንጉሡ ያሉበትን የድሮውን አንድ ብር። በነጩ ጠርዝ ላይ በቀለም «ለክፉ ቀን። አባትህ» ብሎ ጽፎበት ነበር። በተማሪዎች ማደሪያው በቀጣዩ ክፍል የሚኖር አንድ ኢንዶኔዥያዊም እናቱ የሰጠችው ገንዘብ ነበረው። አገሩ ነጻነቷን ባወጀች ማግስት የታተመ፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንታቸው ምስል ያለበት ሩፒያ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከገበያ ወጥቶ ነበር። ሁለቱ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲለያዩ ገንዘባቸውን ተለዋወጡ። ስንገናኝ መልሰን እንለዋወጣለን ተባባሉ። አያቴ ያኔ በሕይወት ነበር፤ ደብዳቤው ሳይቋረጥ ይመጣል። የእጅ ጽሑፉ አንድ ቀን ያልቃል ብሎ አባቴ አላሰበም።

ከዚያ አባቴ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ አያቴ ሞተ። አብዮቱ መጣ። እናቴና አባቴ እኔን ታቅፈው ከአገር ሲወጡ ደብዳቤዎቹ ቤት ቀሩ፣ ቤቱም ተወረሰ። ጓደኛውም በአገሩ መንግሥት ሲለወጥ ፓስፖርቱን ተነጥቆ አውሮፓ እንደቀረ አባቴ ሰማ፤ የት እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ሩፒያው ብቻ ከአባቴ የኪስ ቦርሳ አልወጣም።

«ጓደኛዬ የድሮ ገንዘብ መሰብሰብ ይወድ ነበር» አለኝ ቤት ስንደርስ። «የድሮ ገንዘብ የሚሸጡ ሰዎች ሳያውቁት አይቀሩም። ብሩን ካገኘሽው ሩፒያውን ስጫቸው። ውላችን እንደዚያ ነው።»

ሩፒያውን አውጥቶ ሰጠኝ። እጥፋቱ ላይ ለሁለት ሊከፈል ሲል እናቴ በፕላስተር ለጥፋዋለች። አዲስ አበባ ሲኖሩ የተቀደደ ብር የሚጠገነው እንዲያ ነበር፤ የታክሲ ረዳት አልቀበልም እንዳይል ከፊትም ከኋላም ይለጠፋል። ፕላስተሩ ከዕድሜ ብዛት እንደ ማር ቢጫ ሆኗል።

ተማሪ ነኝና ነገሩን ከቤተ መጻሕፍት ጀመርኩ። የገንዘብ ሰብሳቢዎችን መጻሕፍት ተውሼ አነበብኩ። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሩፒያዎች በጦርነት መሐል በቀጭን ወረቀት እንደታተሙ፣ ሐሰተኛ እንደሚበዛባቸው፣ ዋጋቸውንም የሚወስነው ንጽሕናቸው እንደሆነ ተማርኩ። እጥፋት ዋጋ ይቀንሳል። በብዕር የተጻፈበት ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ስለ ፕላስተር የተጻፈውን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ከዚያ ሱቅ ለሱቅ መዞር ጀመርኩ። ሩፒያውን እንዲገምቱልኝ እሰጥና ስለ ኢንዶኔዥያዊው እጠይቃለሁ። ባለሱቆቹ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። ቤት ስመለስ አባቴ የእግሬን ኮቴ ሰምቶ ከወንበሩ ይነሳል፤ ፊቴን ማየት ስለማይችል እኔ እስክናገር ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ከሁሉ ይከብደኝ ነበር። በየሳምንቱ ሲነሳ የወንበሩን መደገፊያ የሚፈልግበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ።

በመጨረሻ ሶደርማልም በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ውስጥ ከመንገዱ ዝቅ ያለች አንዲት ሱቅ ገባሁ። ባለቤቱ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሹራብ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ሩፒያውን በወረንጦ አንስተው በመብራት አዩት።

«እውነተኛ ነው» አሉ። ከዚያ ገለበጡት። «ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እናቴ።»

«ምን በደላት?»

«ልትጠግነው ብላ ነው።»

«እንዲህ ከሚጠገን ቢቀደድ ይሻለው ነበር። ንጹሕ ቢሆን የቤት ኪራይ ይከፍልልሽ ነበር። አሁን ምናልባት ጫማ ትገዢበታለሽ፤ እሱንም ከርካሹ።»

እንዲህ ዓይነት ገንዘብ የሚሰበስብ ኢንዶኔዥያዊ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አውቅ ነበር። ሶደርተልየ ነበር የሚኖረው። ባለፈው መከር ሞተ። የገንዘብ አልበሞቹን ሚስቱ ለእኔ ሸጠች።»

አባቴና ጓደኛው በባቡር ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ ርቀት ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት ኖረዋል ማለት ነው። ይህን ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም። «የኢትዮጵያ ገንዘብ ነበረው?» አልኩ።

«አንድ ብቻ።» ወደ ኋላ ክፍል ገብተው አልበም ይዘው ተመለሱ። «ሲመጣ ምንም አይረባም ነበር። ጠርዙ ላይ አንድ ሰው በሆነ ፊደል ሞነጫጭሮበታል። አሁን እይው።»

አየሁት። ንጉሡ አሉ። ጠርዙ ነጭ ነው፤ ምንም የለበትም።

«ጽሑፉስ?» አልኩ፣ መልሱን እያወቅሁ።

«አጠብኩት» አሉ በኩራት። «ወረቀቱን ሳይጎዱ ቀለሙን ብቻ ማስለቀቅ ሁሉም ሰው የሚችለው ሥራ አይደለም። ከታጠበ በኋላ በሁለት መስታወት መሐል ተጭኖ ይደርቃል። ተጭኖ ስለደረቀ የብዕሩ ምልክት እንኳ የለም።»

«ከመታጠቡ በፊት ፎቶ አንስተውት ነበር?»

«ለምን ብዬ?»

ስልካቸውን ለምኜ ቤት ደወልኩ። ያነሳችው እናቴ ናት።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት። እማዬ፣ ሰውዬው አጥበውታል። ጽሑፉ የለም።»

ከኋላዋ አባቴ «አገኘችው ወይ?» ሲል ይሰማኛል።

«ይዘሽው ነይ» አለች። «ሰው ፊት ደግሞ እንዳታለቅሺ።»

ሽማግሌው ሒሳቡን ሠሩ። ለፕላስተሩ ከሩፒያው ላይ ቀነሱ፤ ለእጥበቱ ብሩ ላይ ጨመሩ። ልዩነቱን ለተማሪነቴ ከሚሰጠኝ ገንዘብ ከፈልኩ። የአያቴን ጽሑፍ ላጠፉበት ሥራ ዋጋውን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ሩፒያውን እዚያው በሟቹ አልበም ውስጥ፣ ብሩ በነበረበት ኪስ አስገቡት። ቢያንስ እሱ ባለቤቱ ዘንድ ደረሰ።

ቤት ስገባ አባቴ በመስኮቱ አጠገብ ጠንካራውን መብራት አብርቶ፣ አጉሊ መነጽሩን ይዞ ተቀምጧል። ሸሚዙን ቀይሯል። እናቴ ነግራው እንደሆነ ከፊቱ መለየት አልቻልኩም። ስለዚህ ኮቴን ሳላወልቅ ሁሉንም ነገርኩት።

«ይሁን። አምጪው» አለ።

ወደ ግራ ዓይኑ አስጠጋው። ጠርዙን ቀስ እያለ ከዳር እስከ ዳር አየ፤ ገልብጦ አየ፤ መብራቱን አዘንብሎ አየ። ከዚያ በአውራ ጣቱ እየደጋገመ ዳሰሰው።

«ንጉሡ ግን አምረዋል» አለ።

እናቴ ከእጁ ወስዳ አሸተተችው። «በረኪና! ምን ዓይነት ሰው ነው አባት የጻፈውን በበረኪና የሚያጥብ?»

«አንቺስ የጓደኛዬን እናት ገንዘብ በፕላስተር አልለጠፍሽም?»

«የእኔ መጠገን ነው!»

«እሱም ማጽዳቴ ነው ይላል።»

እናቴ ወደ ወጥ ቤት ገብታ ውሃውን ለቀቀችው፤ የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም።

አባቴ ወረቀትና ወፍራም ጥቁር ብዕር እንዳመጣ አዘዘኝ። «ለክፉ ቀን። አባትህ» ብዬ እንድጽፍ፣ ጽሑፉም ትልቅ እንዲሆን ነገረኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ስቶክሆልም፣ በቤተ ክርስቲያናችን የሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ አጻጻፌ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ቀጥ ያለ ነው። ጽፌ ሰጠሁት። አስጠግቶ አነበበ።

«ቃሉ ልክ ነው። እጁ ግን የሱ አይደለም» አለ። «የ‹ቀ›ን እግር ወደ ግራ ይስበዋል። ‹ለ›ው ደግሞ ጎንበስ ይላል፤ ሸክም እንዳለበት ሰው።»

ደግሜ ጻፍኩ። ትንሽ ተሻለ፣ ግን አይደለም አለ። ደገምኩ። ብሩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እጄ አያቴን ሲመስል በነጩ ጠርዝ ላይ እንደምጽፍ ተስማማን።

ከዚያን ቀን ወዲያ ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ ሥራችን ይህ ሆነ። በማስታወሻዎቼ ጀርባ፣ በጋዜጣ ጠርዝ፣ በወተት ካርቶን ላይ ለክፉ ቀን፣ ለክፉ ቀን ብዬ ጻፍኩ። አያቴን በፎቶ እንኳ አላውቀውም፤ የእጁን አካሄድ ግን አባቴ ከሚለው እየለቀምኩ ተማርኩት። በመጀመሪያ ወረቀቱን ከዓይኑ አንድ ስንዝር ያርቀው ነበር። ከዚያ አፍንጫው እስኪነካ አስጠጋው። «አይደለም» ይላል። «ድገሚው።» እኔም ስህተቴን እንደ ተማሪ ጠይቄ እደግማለሁ። አይደለም ባለ ቁጥር ቅር አይለኝም ነበር፤ አይደለም ለማለት ማየት አለበት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ክፍሉን ሞልታው ሳለ፣ አዲስ ወረቀት ከፊቱ አስቀመጥኩ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱ ላይ ብዙ ቆየ።

«አሁን የሱን መሰለ» አለ። «በቃ፣ አሁን ብሩ ላይ ጻፊው።»

ወረቀቱ ገና ባዶ ነበር፤ የብዕሩን ክዳን እንኳ አልከፈትኩም ነበር።