ጠብ አይልም ሳይበሳት የቀረችው ቀዳዳ

ሐይቁ ዳር፣ ከጀልባ ማቆሚያው ጀርባ ባለ የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ጀልባ የጠገነ ሰው አለ። እጁ ሲሠራ አፉም አብሮ ይሠራል። ጨርሶ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ «ከዚህ እጅ የወጣ ጀልባ ጠብ አይልም!» ይላል። ይህን ሲል ሲል ስሙ ራሱ ጠብ አይልም ሆኖ ቀረ። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያው ብቻ ነው።

ለዚህ ፉከራው አንዲት ሕግ ነበረችው፤ ውሃ ውስጥ የሚውል የጀልባ ሆድ አይበሳም። ሌላው የበሳውን ይደፍናል እንጂ እሱ አይበሳም። «ውሃ ሌባ ነው፤ ለሌባ በር ከፍተህ ስታበቃ ቁልፍ ገዛሁ አትበል» ይላል። የተከራከረው አልነበረም። የሚከራከርበት ጉዳይ ያለው ሰው ገና አልመጣማ።

የመጣው ታላቅ ወንድሙ ነው። ታላቅየው ከዳር ወደ ዳር ሰው ያሻግራል፤ ጀልባዋንም ከሃያ ዓመት በፊት የሠራለት ራሱ ጠብ አይልም ነው። ሰዉ ካፒቴኑ ይለዋል። ካፒቴኑ ያን ቀን ካርቶን በብብቱ ይዞ ገባና፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መሬት ላይ በተጋደመ ሳንቃ ተደናቅፎ በጉልበቱ ወደቀ።

«ጋሼ! ሳንቃው እኮ አንተን ያክላል!» ብሎ ጠብ አይልም ሳቀ።

ካፒቴኑ አልሳቀም። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «ሞራ ነው አሉኝ። ሁለቱም ዓይኔ።»

«መቼ?»

«ሁለት ሳምንት ሆነው። ለቀዶ ጥገናው ወረፋ ነው፤ አራት ወር ጠብቅ ተባልኩ። እስከዚያ የውሃው ቀለም አይታየኝም። ጥልቁን ከድንጋያማው የምለየው ደግሞ በቀለሙ ነበር። ይሄን ካወቁ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። መስመሬን ሌላ ሰው ከያዘው፣ ዓይኔ ቢመለስስ እኔ ወዴት እመለሳለሁ?» ካርቶኑን ወደ ወንድሙ ገፋው። «ጥልቀት መለኪያ ነው። ቁጥሩ ትልልቅ ነው፤ እሱ ይታየኛል። ግጠምልኝ። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም።»

ዕቃው ሁለት ነገር ነው። አንዱ መሪው አጠገብ የሚቀመጥ ስክሪን ነው። ሌላው ድምፅ ወደ ታች ልኮ የሚመለሰውን የሚያዳምጥ፣ ሳሙና የሚያህል ጥቁር ነገር ነው። ሱቅ ውስጥ ትራንስዱሰር ይሉታል፤ ወንድማማቾቹ ጆሮ አሉት። ጆሮው የት ይተከል? አብረው ሄደው ሻጭዋን ጠየቁ።

ሻጭዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ለደንበኛ የማትሽቆጠቆጥ ሴት ናት። «መንገዱ ሦስት ነው» አለች። «ከጀልባው ጅራት ላይ፣ ከውጭ በብሎን ታስሩታላችሁ። ቀላል ነው፤ ግን የሞተሩ አረፋ ያደነቁረዋል፣ ወደ ዳር ስትጠጉም የሰው ገመድ ይነቅለዋል። አለበለዚያ ከውስጥ ወለሉ ላይ በኮላ ታጣብቁታላችሁ። ምንም አይበሳም። ድምፁ ግን ወለሉን አልፎ ነው የሚሄደው፤ አንድ ወጥ ፋይበር ግላስ ካልሆነ ከንቱ ነው። መሃሉ እንጨት ካለው ፍራሽ አፍህ ላይ ይዘህ እንደማውራት ነው። ለዚያ ዓይነቱ ጀልባ ሆዱን በስቶ ጆሮውን ውሃ ማስነካት ነው። የናንተስ መሃሉ ምንድን ነው?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ ጠብ አይልም።

ይህ መልስ አልነበረም፤ ግን እንደ መልስ አለፈ። መሃሉ እንጨት ነው። ሳንቃውን በገዛ እጁ ደርድሮ፣ ከላይም ከታችም ፋይበር ግላስ አልብሶታል።

ሊወጡ ሲሉ ሻጭዋ፣ «ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ካለ ታቹን አጥቶታል ማለት ነው፤ ያኔ የሚያሳያችሁ ቅድም የሰማውን ነው» አለች። ካፒቴኑ የበሩን እጀታ በዳበሳ እየፈለገ ነበርና አልሰማትም። ጠብ አይልም ሰማ።

በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ ክርክሩን ጀመሩት።

«ብሳው እንጂ! ሴትዮዋ ብሳ አላለችም?»

«ሴትዮዋ ጀልባ ሠርታ ታውቃለች?»

«አታውቅም። አንተስ ጥልቀት መለኪያ ገጥመህ ታውቃለህ?»

«ጋሼ፣ ሃያ ዓመት ጠብታ ባላስገባች ጀልባ ላይ እንቁላል የሚያሾልክ ቀዳዳ ልክፈት? ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔ ዓይን ይተክልልኛል ብዬ መጣሁ፣ አንተ ስለ ስምህ ታወራኛለህ!»

እውነቱን ለመናገር፣ ጠብ አይልም መሰርሰሪያውን አንሥቶ ነበር። ወለሉ ላይ፣ የሞተሩ አረፋ የማይደርስበትን ቦታ መርጦ በእርሳስ ክብ ሠርቷል። ቀና ሲል ሁለት ዓሣ አጥማጆች በሩ ላይ ቆመው አየ።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! ጠብ አይልም ሊበሳ ነው!» አለ አንዱ።

«ተው ባክህ፣ ለፎቶ ነው የያዘው» አለ ሌላው።

መሰርሰሪያውን አስቀመጠ። «ሳስበው ከውስጥ ይሻላል» አለ ለወንድሙ። «እመነኝ።»

ካፒቴኑ አመነው። ታናሽ ወንድሙን ካላመነ ማንን ይመን?

ጠብ አይልም ከእርሳሱ ክብ አንድ ስንዝር ወዲያ ወለሉን በብርጭቆ ወረቀት አሸ። ኮላውን አንዲት የአየር አረፋ ሳያስቀር አፈሰሰ፤ ጆሮውን ተጭኖ አስቀመጠ። ያምራል! ስህተት እንደዚያ ተጠንቅቆ ሲሠራ ማየት ያሳዝናል። ማቆሚያው አጠገብ ሲሞክሩት ሁለት ሜትር ከአርባ አለ። ብረት በገመድ አስሮ ቢለካው፣ ሁለት ሜትር ከአርባ። ካፒቴኑ የወንድሙን ግንባር ሳመ። «ዓይኔ!» አለው።

ወደ ሐይቁ መሃል ገቡ። ቁጥሩ ሦስት አለ፣ አምስት አለ፣ ዘጠኝ አለ። ዘጠኝ ላይ ቀረና ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

«ስንት ነው? ፀሐዩ አንጸባረቀብኝ።»

ጠብ አይልም ስክሪኑን አየ፤ ወንድሙንም አየ። የተሳመው ግንባሩ ገና አልደረቀም። «አጥቶታል» ካለ ኮላውን መፋቅ፣ ጆሮውን መንቀል፣ እነዚያ ሁለቱ እያዩት መብሳት ሊመጣ ነው።

«ዘጠኝ» አለ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው እንጨት ሠርቶ አያውቅም።

ሃያ ስድስት ቀን ደህና ሄደ፤ ካፒቴኑ መንገዱን በልማድ ያውቀዋላ። ጠብ አይልም ጠዋት ጠዋት «ዛሬ እነግረዋለሁ» ይላል። ጀልባዋ ስትመለስ ደግሞ «ይኸው፣ ምን ሆነ?» ይላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በሃያ ሰባተኛው ቀን ነፋስ ጀልባዋን ከመንገዷ ገፋት። ካፒቴኑ ስክሪኑን አየ፤ ዘጠኝ ይላል። ብልጭ ድርግሙ የዓይኑ ጣጣ መሰለው። አምኖ ሞተሩን ጨመረ። ከጥልቁ ድንገት የሚነሣው ድንጋይ ከውሃው በታች አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር።

አሥራ አራት ተሳፋሪ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ደርሰው ሁሉንም አወጡ፤ ሰው አልሞተም። መርማሪዎቹ ግን ካፒቴኑን ወረቀት ሰጥተው አንብብ አሉት። አልቻለም። ፈቃዱ ተነጠቀ፤ መስመሩ ለሌላ ተሰጠ። ሚስቱ ስለ ባሏ ዓይን የሰማችው ከመርማሪ አፍ ነው።

ጠብ አይልም ሊጠይቀው ሲሄድ፣ ካፒቴኑን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አገኘው። ፊቱን አላዞረም።

«ዘጠኝ ይል ነበር» አለ። «እስከ መጨረሻው ዘጠኝ። ዕቃው ውሸታም ነው ብያቸዋለሁ።»

«ዕቃው አልዋሸም፣ ጋሼ። ብልጭ ካለ አጥቶታል ማለት ነው። ሴትዮዋ ስትናገር አንተ አልሰማህም፤ እኔ ሰምቻለሁ። የሞከርነው ቀንም ብልጭ ሲል አይቻለሁ።»

የካፒቴኑ ሚስት ሻይ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር፤ እዚያው ቆመች።

«ለአንዲት ቀዳዳ?» አለ ካፒቴኑ።

ጠብ አይልም አጠገቡ ሊቀመጥ ወንበር ሳበ።

«ሻይህን ጠጣና ሂድ።»

ሚስቱ ሻዩን እንደያዘች ወደ ጓዳ ተመለሰች።

መስመሩን የተረከበው ሰውዬ ጀልባዋንም ገዛት። ለጥገና ያመጣት ወደ ጠብ አይልም ነው፤ ሌላ የት ይወስዳታል? ድንጋዩ የቀደደው ከአፍንጫዋ በኩል ነበር። ወለሏ ላይ ያለችው የእርሳስ ክብ አልጠፋችም። ሲጠግናት ሰነበተ፤ እንደዚያ አምሮለት አያውቅም። ሲጨርስ ሰውዬው አዲስ ጆሮ ይዞ መጣ።

«ይሄ ተበስቶ ነው የሚገባው አሉኝ። አንተ ደግሞ አትበሳም አሉ። ካልሆነ ሌላ ሰው ልፈልግ...»

«እበሳለሁ» አለ።

መሰርሰሪያውን ክቧ ላይ ተከለ። መብሳቱ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እንጨቱ ውሃ እንዳይጠጣ የቀዳዳዋን ዙሪያ በኮላ አሸገ፤ ሲደርቅ ጆሮውን አስገብቶ ብሎኑን አጠበቀ። ውሃ ላይ ወጡ። ዘጠኝ፣ አሥራ አራት፣ ሃያ ሁለት፤ ቁጥሩ አንዴም ብልጭ አላለም። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ወለሉን በመዳፉ ዳሰሰ። ደረቅ ነው።

«እውነትም ጠብ አይልም!» አለ እየሳቀ።

ጠብ አይልም ወደ ዳር እያየ ነበር። ማቆሚያው ጫፍ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ጀልባዋን አውቋታል፤ ፊቱን ግን ያዞረው ወደሌለችበት ነው።