ዳማን ባሕር ያሻገርኋት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ዝም ብያለሁ። ስድስት ዓመት አለፈው። አሁን የምጽፈው ድፍረት አግኝቼ አይደለም፤ ከዚህ በላይ ዝም ካልሁ ሌላ ኃጢአት ስለሚሆንብኝ ነው።

ሰዓት ሠሪ ነኝ። ያስተማረኝ የለም፤ የተበላሹ ሰዓቶችን እየፈታሁ፥ መልሼ እየገጠምሁ ለመድሁት። ያን ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ የምኖረው እትዬ የሺ ግቢ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። እትዬ የሺ ባላቸው የሞቱባቸው፥ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ነበሩ። ልጃቸው አስማረ ከጣና ዓሣ ያወጣል። ዳማ የእሱ ድመት ናት፤ ዓሣ ከሚራገፍበት ቦታ ዓይኗ በቅጡ ሳይገለጥ አንሥቶ በኪሱ ያመጣት። መልኳ እንደ ዳማ ፈረስ ቀላ ያለ ስለሆነ ስሟም ዳማ ሆነ።

አስማረ የሚመለስበት ሰዓት የታወቀ አልነበረም፤ እንደ ነፋሱና እንደ መረቡ ነው። አንዳንድ ቀን ስድስት ሰዓት፥ አንዳንድ ቀን አሥራ አንድ። ዳማ ግን ከተኛችበት ትነሣና ከግቢው በር ሥር ትቀመጣለች፤ ከዚያ እሱ ይመጣል። ዓሣው ሸትቷት ነው አልሁ። አላመንሁምና ሰዓት ያዝሁ። ዘጠኝ ቀን ያዝሁ። ከዘጠኙ በሰባቱ ቀን፥ እሷ በር ላይ ከተቀመጠች ከሃያ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አስማረ ገባ። እሷ ስትነሣ እሱ ገና ባሕሩ ዳር ጀልባውን እያሰረ ነበር። ብነግረው ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ! ድመትም እንደ ሰዓት ፈትተህ ልታያት ነው?» አለኝ።

ብሔራዊ ውትድርና መጣና አስማረን ወሰዱት። ወደ ሰሜን ዘመተ። ደብዳቤውን ለእትዬ የሺ የማነብላቸው እኔ ነበርሁ፤ መልሱንም የምጽፍላቸው እኔ። ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ሦስተኛው አልመጣም። ዳማ ቀን ቀን በር ላይ ትቀመጣለች፤ ሲመሽ አስማረ ይተኛበት የነበረው መደብ ላይ ወጥታ ትተኛለች። እትዬ የሺ እያዩዋት፥ «የሞተ ሰው ድመት ቤቱን ለቅቃ ትሄዳለች፤ እናቴ የሞተች ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። ይቺ እስካለች ልጄ አለ» ይሉ ነበር።

ከአስማረ ጋር የዘመተ አንድ ያገራችን ወታደር ቆስሎ ተመለሰ። ሰዓቱን ሊያሠራ መጥቶ፥ «አስማረ ሲወድቅ አይቻለሁ» አለኝ። የት? በየትኛው ቀን? በስንት ሰዓት? ብዬ ጠየቅሁት። ሁሉንም መለሰልኝ። ሲቀበርስ አይተሃል ወይ ብዬ ግን አልጠየቅሁም። እኔ! አንዲት ብሎን ስትጎድል እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው፥ ያን አንዱን ሳልጠይቅ ሄጄ ለዕድራችን ዳኛ ነገርሁ።

መርዶው እንደ ደንቡ በማለዳ ተነገረ። ሽማግሌዎቹና ጎረቤቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ እኔም ከኋላቸው ገባሁ። እትዬ የሺ አላለቀሱም። «ሬሳውን ማን አየ?» አሉ። ዞር ብለው መደቡን አዩ፤ ዳማ ተኝታለች።

«እሷ አልሄደችም። በሉ ሂዱ፤ ልጄን አትግደሉብኝ» አሉ።

ሰው ሁሉ ወጣ። የጎረቤታችን የእትዬ ጥሩነሽ ድምፅ እስከ መንገድ ተሰማ፤ «እንግዲህ መርዶም በድመት ፈቃድ ሊሆን ነው! ለምን ዕድር አናስገባትም?» ጥቂቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ተናደድሁ።

ለምን ተናደድሁ? ይህን ስድስት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄያለሁ። እትዬ የሺ ጥቁር አልለበሱም። የአስማረን ልብስ እያጠቡ ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ። ሲያልፉ ሰው «ነካቸው» እያለ ይንሾካሾካል። እርማቸውን ቢያወጡ ይሻላቸዋል ብዬ ለራሴ ነገርሁት። አዝኜላቸው ነው አልሁ። እውነት አዝኜ ነበር? አዎ፥ በጥቂቱ። የቀረው ግን ሌላ ነው። እኔ ያመጣሁት ወሬ፥ እኔ ያጣራሁት ቀንና ሰዓት፥ ከአንዲት ድመት በታች ሆነብኝ። ትክክል መሆኔን እንዲያምኑልኝ ፈለግሁ። ለዚህ ስል ነው ያደረግሁት።

ድመት በየብስ ከወሰዷት ተመልሳ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ውኃ መረጥሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ የሺ ገበያ እንደ ሄዱ፥ ዳማን ክዳን ባለው ቅርጫት ከትቼ ወደ አንድ የገዳም ደሴት በሚሄድ ታንኳ ተሳፈርሁ። ልይዛት ስጠጋ አልሸሸችም። አንድ ጊዜም አልቧጨረችኝም፤ ታውቀኛለች። በባሕሩ ዳር የበቀለውን ደንገል አልፈን ሰፊው ውኃ ላይ ስንወጣ ግን መጮህ ጀመረች። ቀዛፊው ዘወር ብሎ፥ «ሕፃን ይዘህ ነው እንዴ፥ ሰውዬ?» አለኝ። የቅርጫቱን ክዳን በእጄ ተጫንሁት።

ደሴቱ ላይ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ አባ ኪሮስ ሲያዩዋት ደስ አላቸው፤ አይጥ የብራና መጻሕፍቱን እየበላ አስቸግሯቸው ነበር። «ባለቤት አላት፥ ልጄ?» አሉኝ። «የላትም፥ አባ» አልሁ። ይህን ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምሁ።

እትዬ የሺ ከገበያ ሲመለሱ፥ «ዳማን አይተሃታል?» ብለው ጠየቁኝ። «አላየኋትም» አልሁ። ሦስት ቀን ፈለጉ፤ በየጎረቤቱ፥ በየአጥሩ ሥር፥ እስከ ባሕሩ ዳር። እኔም አብሬያቸው ፈለግሁ። አዎ፥ ስሟን እየጠራሁ ከጎናቸው ሄድሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፥ ዳማ ትተኛበት የነበረውን ቦታ በመዳፋቸው ሲዳብሱ አገኘኋቸው።

«ሄደች። እሷም አወቀች» አሉኝ።

ከዚያ ጮኹ። ያን ጩኸት ያስጮህኋቸው እኔ ነኝ። የዚያን ጊዜ እግራቸው ላይ ወድቄ እውነቱን ብናገር ይበቃ ነበር። አፌን ምን ያዘው? ጎረቤት እየሮጠ ሲገባ በሩን የከፈትሁትም እኔ ነኝ።

ጸጉራቸውን ተላጩ። ጥቁር ለበሱ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ። እትዬ ጥሩነሽ እንኳ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ነገሩ ሥርዓቱን ያዘ፤ እኔም እፎይ አልሁ፤ ይህንም አልደብቅም። እትዬ የሺ ግን ከዚያ ወዲያ እህል አልረጋላቸውም። አልጋ ያዙ። በሰባተኛው ወር ዐረፉ። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፥ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፥ አስማረ በእግሩ መጣ። የወደቀው ቆስሎ ነበር፤ ተማርኮ ኖሯል። ግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም። ግቢው መካከል ቆሞ «እማዬ!» ብሎ ተጣራ። የወጣሁለት እኔ ነኝ። የነገርሁትም እኔ ነኝ። ብዙ ካለቀሰ በኋላ ቀና ብሎ፥ «ዳማስ?» አለኝ። «ጠፋች» አልሁት።

በሳምንቱ ይዣት ልመለስ ደሴቱ ሄድሁ። አባ ኪሮስ አንገታቸውን ደፉ። «ያቺ ድመት ከታንኳ ማረፊያው አትጠፋም ነበር፤ ፊቷን ወደ ከተማው አዙራ ትውላለች። የሚካኤል ሰሞን ምን እንደ ነካት እንጃ፥ ውኃ ገባች። ሁለት ጊዜ አወጣናት። በሦስተኛው ሳናያት ቀረን» አሉኝ።

ቀኑን ቆጠርሁ። ደግሜ ቆጠርሁ። ድመት ይህን በምን ታውቃለች? አላውቅም። እትዬ የሺ ግን ልክ ነበሩ።

አስማረ ዛሬም ያን ወታደር ይረግመዋል። «እናቴን የገደላት የእሱ ወሬ ነው» ይላል፤ መንገድ ላይ ሲያገኘው ፊቱን ያዞርበታል። እኔን «እናቴን የቀበረልኝ ወንድሜ» ይለኛል። አንድም ቀን አላረምሁትም። አሁን አግብቶ ወንድ ልጅ ወልዷል። ባለፈው እሑድ መጥቶ፥ «ክርስትና የምታነሣልኝ አንተ ነህ፤ እምቢ ብትለኝ እጣላሃለሁ» አለኝ። ሕፃኑ አርባ ቀኑን ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ያን ልጅ ታቅፌ፥ ስለ እሱ ሆኜ ሰይጣንን ክጃለሁ ልበል? በየትኛው አፌ?

አስማረ፥ ይህን ወረቀት ነገ በእጅህ እሰጥሃለሁ። ወታደሩ ያየውን ነው የተናገረው፤ እናትህም አላመኑትም ነበር። ተስፋቸውን በቅርጫት ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ። ለልጅህ ሌላ ክርስትና አባት ፈልግለት። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሴት መቃብር ውስጥ ናቸው። አንብበህ ስትጨርስ ወደ እኔ አትምጣ። መጀመሪያ ወደዚያ ሰው ቤት ሂድና ሰላም በለው።