ሁሉ ያለቀበት ዋዜማ

ባለፈው ሳምንት ወደ ማድ ቤት ስገባ ልጄ የተከተፈ ሽንኩርት በፌስታል በፌስታል አድርጋ ፍሪጅ ውስጥ ስትደረድር አገኘኋት። በዓሉ አሥር ቀን ይቀረው ነበር። ቅቤው ተነጥሯል፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ተፈጭቷል፣ መጋረጃው እንኳ ታጥቦ ተሰቅሏል። ልጄ እዚሁ መቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ነገር ሁሉ በዕቅድ ይሁን ባይ ናት።

«ዘንድሮ ለገና ሁሉን ነገር በጊዜ እንጨርስና የዋዜማውን ቀን እግራችንን ዘርግተን እንቀመጣለን። አንቺም እስቲ አንድ ቀን እረፊ እማዬ» አለችኝ።

«ተባረኪ» አልኳትና ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭንቅ ጭንቅ አለኝ። መንገዱ ላይ ባጃጆች ይተራመሳሉ፣ ፊት ለፊት ያለው ጎረቤታችን ቡናውን ያገላብጣል፣ እኔ ግን አንድ ሌላ ዋዜማ ትዝ ብሎኝ ከተቀመጥኩበት መነሳት አቃተኝ።

እኔም በዓልን በጊዜ ጨርሼ አውቃለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

እናቴ መቱ ገበያ ኮረሪማና ጥምዝ የሚባለውን ቅመም ትነግድ ነበር። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ ቤታችን የሦስት ሴቶች ቤት ነበር፤ የእናቴ፣ የታላቅ እህቴ የጽጌና የእኔ። በዚያ ዓመት ግን ሁለት ቀርተን ነበር። ጽጌ ከመቱ በመኪና በሚደረሰው ኖፓ በሚባል ከተማ ነበረች፣ ስሟም በቤታችን አይነሳም።

የተለያየነው በጨው ነው ብል ማን ያምነኛል? ጾመኛ ቤት ውስጥ የበዓል ወጥ ሲሠራ ትልቁ ጣጣ ጨው ነው። የሚሠራው ጾሙ ሳይፈታ ነውና ሠሪዋ አትቀምሰውም። ዓይኗንና አፍንጫዋን ታምናለች፤ ካልሆነም ነፍስ ያላወቀ የጎረቤት ሕፃን ይጠራና ጣቱን ይልሳል። ፊቱን ካጨማደደ ጨው በዝቷል ማለት ነው። እኔ ከምናገርለት የገና በዓል ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ጽጌ የዶሮውን ወጥ ስታማስል ቆይታ አንዲት ጠብታ መዳፏ ላይ አደረገችና ላሰቻት። «ትንሽ ጨው ይፈልጋል» አለች። ምን እንዳደረገች የገባት ከተናገረች በኋላ ነው።

ገመቹ ከሚባል፣ ኖፓ ከሚያስተምር የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ጋር ጸሎት ቤት መሄድ ከጀመረች ወራት ሆኗት ነበር። ጾሙን ትታዋለች፤ ከእኛ ጋር ሽሮ እየበላች ደብቃን ነው የኖረችው። እናቴ ማማሰያውን ከእጇ ተቀበለቻትና «ከዚህ ቤት ምግብ ላይ እጅሽን አንሺ» አለቻት። በሰኔ ጽጌ ገመቹን አገባች። እናቴ ሠርጉ ላይ አልተገኘችም፣ እኔንም አልለቀቀችኝም።

እንግዲህ በዚያ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ የኖፓ መኪና ረዳት ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አመጣልኝ። የጽጌ እጅ ጽሑፍ ነው። ወንድ ልጅ ወልጃለሁ ትላለች። የገመቹ እናት እንደ ልጃቸው እንደሚያይዋት፣ ሊጠይቋት የሚመጡት ሁሉ ግን «ሰው የለሽም ወይ?» እንደሚሏት ጽፋለች። በገና ዋዜማ የባሏ ዘመዶች ይሰበሰባሉ። «አንቺ እንኳ ነይልኝ፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን። ከቤቴ አንድ ሰው ይታይልኝ» ብላ ጨርሳለች።

ያንን ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እንጃ። አራስ እህቴ በሰው አገር ሰው እንደሌላት ስትቆጠር ታየኝ። ማታውኑ እናቴ ኮረሪማ እየፈለፈለች ሳለ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ የበዓሉን ሥራ ሁሉ ቀድሜ ከጨረስኩ የዋዜማውን ቀን ኖፓ ደርሼ ልምጣ?»

ቀና እንኳ አላለችም። «መጀመሪያ ጨርሺ» አለችኝ።

እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ መልስ እሺ ይመስላል።

ያን ታኅሣሥ እንደሠራሁት በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም። ጌሾውን ወቅጬ ጠላውን ጠነሰስኩ። ዶሮዎቹን ሌላው ሰው ሳያስብ ቅዳሜ ገበያ ገዝቼ ጓሮ አሰርኳቸው። ቅቤውን በኮሰረትና በኮረሪማ አነጠርኩት፣ ሽንኩርቱን ከትፌ ቁሌቱን አበሰልኩት፣ ድፎውን በኮባ ጠቅልዬ ደፋሁት። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ መድረቅ ጀምሯል፤ በየደጁ የተዘረጋው ቀይ ቡና ጣፋጭና ኮምጠጥ ያለ ሽታ ይሸታል፤ እኔ ግን ከማድ ቤቱ ጭስ ቀና ብዬ ያየሁት በጥቂቱ ነው። ቀድሜ ማጨድ ያልቻልኩት ጉዝጓዙን ብቻ ነው፣ ይጠወልጋላ።

ዋዜማው ሦስት ቀን ሲቀረው እጄን ታጥቤ ቆምኩ። ያኔ ነው እናቴ በአጥሩ በኩል ስሜን ጠርታ ለጎረቤት «ሙሉ ጨርሳለች፣ እልክልሻለሁ» ስትል የሰማኋት።

በሰፈራችን በበዓል ሰሞን ሥራውን የጨረሰ ሰው የራሱ አይደለም። እጇ ከሥራ ነፃ የሆነ ሴት ልጅማ ሳትጠየቅ ለጎረቤት ትሰጣለች። ልማዱ ደግ ነው፤ እኛም ሲጨንቀን ስንቱ ደርሶልናል። ያን ሰሞን ግን ወጥመድ ሆነብኝ። የጎረቤታችንን የአዴ ጫልቱን ግድግዳ ኖራ ቀባሁ፤ አዴ ጫልቱ «ኮቱ ኢንታላ ኮ፣ ነይ ልጄ» እያሉ በራፍ ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ፣ ሲሸኙኝም «ልጄን እንዳንቺ ያድርግልኝ» ብለው መረቁኝ። ከዚያ የሌላዋ ቅቤ፣ ከዚያ የሌላዋ ሽንኩርት። ቶሎ ልጨርስ ብዬ በፈጠንኩ ቁጥር «ሙሉማ ፈጣን ናት» ይባልና አንድ ቤት ይጨመራል። ማንም ክፉ አልሆነብኝም። የባሰ ያናደደኝም እሱ ነው፤ የምጣላው ሰው አጣሁ።

ማታ ማታ እናቴን አያታለሁ። አታየኝም። «ቁሌቱን ክደኚው» ትላለች፣ «በሩን ዝጊው» ትላለች። ስለ ኖፓ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። ከጠየቅኳት እምቢ የምትል መሰለኝ።

ዋዜማው በብርድና በጉም ነጋ። ጎረቤታችን ጋሼ በቀለ ማልደው ዶሮዎቹን አረዱልኝ። ገነጣጥዬ፣ በሎሚና በጨው አጥቤ ከቁሌቱ ስጨምር አራት ሰዓት ነበር። ወደ ኖፓ የሚሄደው የመጨረሻ መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል። ተጣጥቤ ቀሚሴን ቀየርኩ። ነጠላዬን ስደርብ እናቴ ከማድ ቤት ብቅ አለች።

«እትዬ ወርቄ እጇን ሪህ ይዟት ዶሮ መበለት አልቻለችም። እልክልሻለሁ ብያታለሁ።»

«እማዬ!»

«ቃሌን ልብላ ታዲያ?»

ቀሚሴን ሳልቀይር ሄድኩ። እትዬ ወርቄ «ውይ የኔ ልጅ፣ እንዲህ ዘንጠሽ?» እያሉ ሽርጥ አሰሩልኝ። ሁለት ዶሮ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ብልት። እንባዬ ጠብ ጠብ ሲል ሽንኩርት አስመስዬ ጠረግኩት፣ ሽንኩርት ግን አልነበረም።

ሰባት ሰዓት አልፎ ተመለስኩ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ቆማለች። ወጡ ተንተክትኮ ቅባቱ ላዩ ላይ ወጥቷል።

«እንግዲህ ልሂድ» አልኳት።

«አልተቀመሰም። የአዴ ጫልቱን ትንሿን ልጅ ጥሪያት።»

ሮጬ ሄድኩ። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ወደ ሶር ወንዝ ወርዳለች፣ ወደ ማታ ነው የምትመለሰው አሉኝ። ተመልሼ ለእናቴ ነገርኳት።

«እንግዲያው እስክትመጣ ጠብቂ።»

«መኪናው ይሄዳል እማዬ። ጽጌ እየጠበቀችኝ ነው።»

ስሟ ከሁለት ዓመት ወዲህ በዚያ ቤት ሲጠራ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። እናቴ እሳቱን ቆሰቆሰች። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አለች ለእሳቱ የምትነግረው ይመስል።

ምን እንደመጣብኝ አላውቅም። ማማሰያውን አንስቼ፣ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ፣ ዓይኗን እያየሁ ላስኩት። አርባ ምናምን ቀን የጾምኩት ጾም በአንዲት ጠብታ ሄደ።

«ጨው በቅቶታል» አልኳት። «አሁን ጨርሻለሁ?»

ትጮኻለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ዱካዋን ስባ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ያን ጊዜ ገና አርባዎቹ ውስጥ ነበረች፣ አሮጊት ሆና ታየችኝ።

«ሂጂ» አለች።

«እማዬ...»

«ሂጂ አልኩሽ። መኪናው እንዳያመልጥሽ። ከዚያ ማሰሮ ቅቤ ቀንሰሽ ያዥላት፤ አራስ ናት።»

በሩ ክፍት ነበር። ከገበያው ጥግ ረዳቱ «ኖፓ! ኖፓ!» እያለ ሲጣራ ይሰማኛል። እምቢ ብትለኝ ኖሮ እየሮጥኩ እሄድ ነበር፤ ለእምቢታዋ ተዘጋጅቼ ነበር። ለሂጂ ግን አልተዘጋጀሁም። ያደረግኩት ነገር አሳፈረኝ። እሷን ከዚያ ዱካ ላይ ትቼ ከወጣሁ ሁለተኛዋ ልጇም በዚያው በር የወጣች መሰለኝ። ወይም ፈሪ ነበርኩ፤ የማላውቃቸው የገመቹ ዘመዶች ፊት መቆም ፈርቼ ይሆናል። አንዱን ምረጪ ብባል ዛሬም አልችልም። ረዳቱ መጣራቱን ተወ፣ መኪናው ሲነሳ ሰማሁት።

«አትሄጂም?» አለች እናቴ።

«አልሄድም።»

ተነስታ ወጡን ከደነችው።

የዚያን ዓመት ገና በዕድሜዬ ካሳለፍኳቸው ሁሉ ጸጥ ያለው ነበር። የሚከተፍ የለ፣ የሚጋገር የለ፣ የሚታጠብ የለ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጾማችንን ፈታን። ወጡ ጨው በልክ ነበር። ጎረቤቶች መጥተው «እንዴት ያለ ቤት ነው፣ ሁሉ በቦታው!» እያሉ አድንቀው ሄዱ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንደሚባለው እናቴ የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች፣ እኔ የተጠረገውን እጠርጋለሁ። ሁለታችን አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፈን የዋልን ይመስል ነበር፣ በሩ ግን ቀኑን ሙሉ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነው የዋለው።

በጥር ወር ኖፓ ሄድኩ። እናቴ አልከለከለችኝም። ጽጌ ልጇን አቅፋ በር ላይ ጠበቀችኝ፤ ከስታለች። አማቷ አጠገቧ ቆመዋል። «በዋዜማው እስኪመሽ መንገድ ዳር ነበርኩ። ምነው ቀረሽ?» አለችኝ።

ተዘጋጅቼበት የሄድኩት ነገር አልነበረም። ከአፌ አምልጦ ወጣ።

«እማዬ ከለከለችኝ።»

«አውቄ ነበር» አለች ጽጌ። ፊቷ ሲጠነክር አየሁት።

አምስት ዓመት የእናቴን ደጅ አልረገጠችም። በስድስተኛው ሽማግሌ ገብቶ ልጁን ይዛ መጣች። ማዕድ ላይ ሆና ለረጅም ጊዜ ይዛው የቆየችውን ተነፈሰች። «እኔንስ ተይኝ፣ አራስ ቤት ሆኜ ይህችን ልጅ እንዴት ትከለክያታለሽ?» አለቻት። እናቴ ዓይኗን አንስታ ወደ እኔ አየች። ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ልጁ ይብላ» አለች። ከእጇ ጎርሶ ለማያውቅ የልጅ ልጇ ጉርሻ ጠቀለለችለት። እስክትሞት ድረስም ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልወጣትም። ከዚያ በኋላ ጽጌ ትመጣ ነበር፤ እንደ እንግዳ መጥታ፣ እንደ እንግዳ ትሄድ ነበር። በእናታችን የቀብር ቀንም ጽጌ «ደግ ነበረች፣ ልቧ ግን ድንጋይ ነበር» ስትል አጠገቧ ቆሜ አለቀስኩ እንጂ አልተናገርኩም።

ከጽጌ ጋር አሁን በየበዓሉ እንገናኛለን። ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው፤ በዋዜማው ከኖፓ ትመጣለች። በመጣች ቁጥር ሥራ አይጠፋኝም። ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ ጎረቤት የላከብኝን እሠራለሁ። ሰዎች ሙሉ አታርፍም ይሉኛል። ሥራ ከያዝኩ ፊቷን ትክ ብዬ አላያትም፣ ያ ነው ነገሩ።

አሁን ልጄ ሁሉን ጨርሳዋለች። ፍሪጁ ሞልቷል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል። ጽጌ ትገባለች፣ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች፣ በእጄ የምይዘው ነገር አይኖርም። እንግዲህ መውጫ የለኝም።

እማዬ ሂጂ ብላኝ ነበር፣ ጽጌ። የቀረሁት እኔ ነኝ።