ጥላ ውስጥ የዋለው ሶላር

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ መብራት ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ልጄ ለመስክ ትምህርት ወደ ገጠር ልትወጣ ስለሆነ የገዛሁላትን ባለሶላር ፓወር ባንክ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አጋድማ በየደቂቃው እየሄደች ታየዋለች። ዕቃው ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። ባለሱቁ ሲሸጥልኝ ቦርሳ ላይ ተንጠልጥሎ በመንገድ ላይም ይሞላል ብሎ ምሎልኛል። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ድንች እልጣለሁ።

"እማዬ፣ ደመና ነው፤ አልሞላም" አለች።

ቢላዋውን አስቀመጥኩት። ልጄ ያለ ስልክ ልትሄድብኝ ነው ብዬ የተጨነቅሁ መስሏት አይዞሽ አለችኝ። እኔ ግን የማስበው ስለ ሌላ ሰው ስልክ ነበር። የዚያ ስልክ ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተነግሮ አያውቅም፤ ዛሬ ይውጣልኝ።

ገና ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከግብርና ኮሌጅ እንደወጣሁ በልማት ሠራተኝነት፣ ገበሬው ዲኤ በሚለው ሥራ፣ የተመደብኩት ከአማኑኤል ከተማ ወደ ላይ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ ቀበሌ ነው። የማርቆስ ልጅ ስለሆንኩ ገጠሩን የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የማውቀው ገበያ የሚመጣውን ቅቤና ድንች ብቻ ኖሯል። ቀበሌዋ መብራት አልነበራትም። ሰው ስልኩን የሚያስሞላው በገበያ ቀን አማኑኤል ወርዶ ነው፤ ሳምንቱ ሳይጋመስ ደግሞ ይዘጋበታል። እኔ ግን ታጣፊ ሶላር ነበረችኝ። መንገድ ሥራ ላይ ከቀያሾች ጋር ይሠራ የነበረው ወንድሜ የሰጠኝ ናት፤ ስትታጠፍ ደብተር የምታህል፣ ስትዘረጋ ትንሽ ሰሌን የምታክል፣ ለየስልኩ ዓይነት የሚሆን ባለ አራት አፍ ገመድ ያላት።

ስለ ማዳበሪያ ሳስተምር የሚያንቀላፋው ሁሉ የሶላሯ ነገር ሲነሳ ይነቃል። "ዲኤዋ ፀሐይን በገመድ አስራ ታልባታለች" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ለውለታዬ ድንች ይመጣልኛል። ያን ዓመት የበላሁትን ያህል ድንች ቅቅል በዕድሜዬ አልበላሁም፤ ትኩሱን እየላጥኩ፣ በአዋዜ እየነከርኩ። ዛሬም ድንች ስልጥ ያ ቤት ትዝ ይለኛል።

በሰኔ ግን ፀሐይ ቁጥብ ናት። ጠዋት ብልጭ ብላ ከቀትር በኋላ ለዝናቡ ትለቃለች፤ አንዳንድ ቀን ጭራሹን አትታይም። ስለዚህ ተራ አወጣሁ፤ በሽተኛ ያለበት ይቀድማል። በዚያ ሰሞን ከሁሉም የሚቀድሙት አያ ቢያድግ ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ ደብሬ ሆዳቸውን ታመው በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ ከወረዱ አምስት ቀን ሆኗቸዋል። ማርቆስ ተኝተው ይታከማሉ፤ የምታስታምማቸው እህታቸው አንጓች ናት። አያ ቢያድግ አብረው ሊሄዱ ተነስተው ነበር አሉ። "የሰኔን መሬት ጥለህ የት ትመጣለህ? ዝራና ና" ብለው የመለሷቸው እትዬ ደብሬ ራሳቸው ናቸው።

ያን ቀን ማለዳ ወደ እርሻ ሲያልፉ ጀርባዋ በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ስልካቸውን ሰጡኝ። ሌሊቱን ጥቁሯ ላማቸው ወልዳ ነበር።

"ሴት ጥጃ ናት። ለደብሬ ልነግራት ነው፤ ደስ ይላታል። ቀትር ላይ እመጣለሁ" አሉኝ።

ሰማዩ እንደከበደ ነበር። ሶላሯን የግቢው የድንጋይ ካብ ላይ ዘርግቼ ስልኩን ሰካሁት። አራት ሰዓት ገደማ ጭላንጭል አግኝቶ ተከፈተ፤ እንደተከፈተም ጮኸ። የሰው ስልክ አላነሳም፤ ይህ የራሴ ሕግ ነበር። ዝም ሲል ደግሞ ይጮኻል። አምስት ጊዜ ቆጠርኩ። በስድስተኛው አነሳሁት።

የሴት ልቅሶ ነው። ቢያድግ፣ ቢያድግ ትላለች። እርሻ ላይ እንደሆኑና እኔ ማን እንደሆንኩ ልነግራት ስሞክር አታዳምጥም።

"ወይኔ እህቴ! ይምጣ፤ አሁኑኑ ይምጣ በዪው" አለች።

እትዬ ደብሬ ምን ሆኑ ብዬ ሳልጨርስ ስልኩ ጠፋ። ብጫነው ብጫነው አልከፈት አለ። ደመናው ጠቁሯል። የአንጓች ቁጥር ያለው እዚያው የተዘጋው ስልክ ውስጥ ነው።

በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው። በማለዳ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ ባለበት ነው የሚነገረው። በዋዜማው በልቶ እንዲያድር ይደረጋል፤ በባዶ ሆድ የሰማው ሐዘን ይጥላል ይባላል። በስልክ "ቶሎ ና" ብቻ ይባላል፤ የቀረውን ሰሚው በልቡ ይጨርሰዋል። እኔም ጨረስኩት።

እየሮጥኩ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ወደሆኑት ወደ መሪጌታ ላቀው ሄድኩ። በዚያ መንደር መርዶ ሲኖር ፊት የሚቀድሙት እሳቸው ናቸው። የሰማሁትን ነገርኳቸው።

"ሞተች አለች?" ብለው ጠየቁኝ።

"አላሉም። እያለቀሱ 'ወይኔ እህቴ' አሉ። 'አሁኑኑ ይምጣ' አሉ።"

"ታዲያ ሌላ ምን ትበል" አሉ። "እንዲህ ያለ ነገር እርሻ መሃል ለብቻው አይሰማም። ነገ ሲነጋ ወገኖቹን ይዘን እንነግረዋለን። እስከዚያ ስልኩ እንዳይከፈት። አንቺም መልሰሽ አትደውዪ።"

እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ ቀለለኝ። ሸክሙን ትልቅ ሰው ተቀበለኝ አልኩ። ተሳስቼ ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከበራቸው ከወጣሁ በኋላ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ተመልሼ ለመጠየቅ አፈርኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ያልጠበቅሁት መጣ። ሰማዩ ተከፈተ። በሰኔ እንዲያ ያለ ፀሐይ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። እርጥቡ ሣር ይጨሳል፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ያብለጨልጫል፤ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ክንፋቸውን ዘርግተው ይሞቃሉ። እኔ ሶላሯን ከካቡ ላይ አንስቼ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ጥላው ውስጥ አስቀመጥኳት። ገመዱ ከስልኩ ጋር እንደተያያዘ ነው፤ ለሚያይ ሰው እየሞላ ይመስላል።

አያ ቢያድግ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ወጥቶ መጡ። ሞላ ወይ አሉኝ፤ ገና ነው አልኩ። ሶላሯን አዩ፤ ከዚያ ግቢውን የሞላውን ፀሐይ አዩ።

"ልጄ፣ ፀሐይዋ እኮ ወዲያ ናት።"

"ሲግል ይበላሻል" አልኳቸው። "በጥላም ይስባል።"

"እንግዲህ የተማረ ያውቃል" አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

የሚያምንን ሰው መዋሸት ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። ወደ እርሻቸው አልተመለሱም። ስለ ጥጃዋ ያወሩኛል፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፤ እትዬ ደብሬ ስም ያወጡላታል። መልሰው ሞላ ወይ ይላሉ። ገና ነው እላለሁ። የራሴ ስልክ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነው፤ ግማሽ ያህል ቻርጅ አለው። የቸገረኝ ቁጥሩ ብቻ ነበር። አሥር ደቂቃ ፀሐይ ይበቃኝ ነበር። ሶላሯን ሁለት ክንድ ወዲያ ብገፋት፣ ስልኩ ቢከፈት፣ ቁጥሩን አይቼ ከጓሮ ብደውል፣ የሆነውን ባውቅ። ሁለት ጊዜ ለዚሁ ተነሳሁ። ሁለቱንም ጊዜ መሪጌታ በራቸው ላይ ዳዊታቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አያ ቢያድግ ተነሱ።

"ልቤ አላርፍ አለኝ። አማኑኤል ወርጄ ልደውል" አሉ።

መሪጌታ እስኪናገሩ አልጠበቅሁም። "ዝናብ ይመጣል፤ ነገ ጠዋት ይሂዱ" አልኳቸው። ቀና ብለው ሰማዩን አዩት። አንዲት ደመና አልነበረችበትም። ከዚያ እኔን አዩኝ። ተመልሰው ተቀመጡ። እንዳልሄዱ ሳይ እፎይ አልኩ፤ አቤት ያ እፎይታ እንዴት እንደሚያሳፍረኝ። በመሸ ጊዜ መሪጌታ ራት ጋበዟቸው። እንግዳ ሆነው እምቢ ማለት ስለከበዳቸው ደህና አድርገው በሉ።

ሲነጋ ተነገራቸው። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ወንድሞቻቸው በግራና በቀኝ ይዘዋቸዋል። አልጮኹም። መቼ ብለው ብቻ ጠየቁ። መሪጌታ ትናንት ጠዋት ነው አሏቸው። ያን ጊዜ ሊወድቁ ሲሉ ክንዶቹ ደገፏቸው። ወጉ እንዳዘዘው ሆነ ማለት ነው። መሪጌታ ለቀብሩ ዝግጅት ቀሩ፤ ሌሎቹ አስከሬኑን ሊያመጡ ተነሱ። እኔም የማርቆስ ልጅ ነሽ፣ ሰው ታውቂልናለሽ ተብዬ አብሬ ወረድኩ። ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ወረድን። አማኑኤል ሚኒባስ ተሳፈርን፤ ማርቆስ ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም።

አንጓች ነጠላዋን አዘቅዝቃ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆማለች። አያ ቢያድግን ስታይ እየጮኸች መጣችና ደረታቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

"ምነው ቢያድግ? ምነው? ትናንት በአራት ሰዓት ደወልኩልህ እኮ። በሕይወት ነበረች። 'ቢያድግ መጣ ወይ' እያለች በሩን ስታይ ዋለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ያለፈችው።"

ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ስምንት ሰዓት ነው። መንገዱ፣ አሁን እንደመጣነው፣ ከሦስት ሰዓት አይበልጥም። ቀትር ላይ ቢነሱ እንኳ በአሥር ሰዓት የእትዬ ደብሬን እጅ ይዘው ነበር። የጥጃዋን ወሬ ነግረዋቸው ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት፤ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ።

"አንዲት ልጅ አንስታው ነበር" አለች አንጓች ወደ ሕዝቡ ዞራ። "ይምጣ በዪው ብያታለሁ። ማናት?"

አያ ቢያድግ ዞረው አዩኝ። ጥላው ውስጥ ያዋልኳትን ሶላር፣ ሲግል ይበላሻል ያልኩትን፣ ዝናብ ይመጣል ያልኩትን፣ ሁሉንም ፊታቸው ላይ አየሁት። ይናገሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንዲያውም ቢናገሩኝ በወደድኩ።

"ደመና ነበር" አሉ ወደ አንጓች ተመልሰው። "ስልኩ አልሞላ ብሎ ተዘግቶባት ነው። አልሰማችሽም።"

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሰኔ አይደል? ማን ይጠራጠራል።

እትዬ ደብሬ ያረፉበትን ሰዓት ለመሪጌታ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። መጽሐፋቸውን አጥፈው አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ መርዶ ይንገሩልን ብሎ የመጣባቸውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ "ማን አየ?" ብለው እንደሚጠይቁ ሰማሁ። እኔን ግን አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ እኔም አልወቀስኳቸውም።

አያ ቢያድግ ከተዝካሩ በፊት፣ አንድ ጠዋት ስልካቸውን ይዘው መጡ። እጄን ስዘረጋ አልሰጡኝም። ሶላሯን ራሳቸው አንስተው ካቡ ላይ፣ ፀሐይዋ በደንብ የምታርፍበት ቦታ ዘረጓትና ገመዱን ሰኩ።

"እዚህ ጋ ይሻላል" አሉ።

ለቀናት ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ። "አያ ቢያድግ፣ ያን ቀን እኮ እኔ..." ከዚህ አላለፍኩም።

"ደመና ነበር ልጄ" አሉኝና በሬዎቻቸውን ተከትለው ሄዱ።

ይቅር ማለታቸው ይሁን አፌን መዝጋታቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንዴ የመጀመሪያው ይመስለኝና እንቅልፍ ይወስደኛል፤ አንዳንዴ ሁለተኛው ይመስለኛል። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወርኩ፤ ሶላሯን ለእሳቸው ትቼላቸው ሄድኩ።

ወጉን አልንቀውም። ሰው ሐዘኑን ለብቻው መስማት የለበትም፤ እኔም አባቴ ሲሞት በእነዚያ ክንዶች ነው የቆምኩት። ግን ያ ወግ የተበጀው ወሬ በእግር በሚሄድበት ዘመን ነው። መልእክተኛው ሲደርስ ሁሉ ነገር አልቋል፤ አንድ ሌሊት ቢጨመርበት ማንንም አይጎዳም። ስልክ ግን የሕያው ሰው ጥሪ ይዞ ይመጣል። እኛ ያን ጥሪ ገና ሳይሞት ቀበርነው። ዛሬ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲጮህ ካየሁ ይዤው ባለቤቱን ፍለጋ እሮጣለሁ፤ ስብሰባም ቢሆን፣ ምሳም ቢሆን። ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ልጄ ደመና ነው ባለችኝ ጊዜም እጄን ጠርጌ ወደ ደጅ ወጣሁ። ምን ልታዪ ነው እያለች ተከተለችኝ። መሃል ግቢው ላይ ቆሜ ቀና አልኩና ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ተመለከትኩ። እውነትም ደመና ነበር።